ጓዳውን ማን ያየዋል?

ትያትር ሲያልቅ ተዋንያኑ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ መድረኩ ጫፍ ይመጡና ጎንበስ ይላሉ። እኛም እናጨበጭባለን። ጭብጨባው የቱ ላይ መቆረጥ እንዳለበት የሚያውቀው ግን ተመልካቹም ተዋናዩም አይደለም። ከመጋረጃው ጎን ጥቁር ለብሶ የቆመ ሌላ ሰው ነው። እጁን ገመዱ ላይ አድርጎ ያደምጣል። ጭብጨባው ሞቅ እንዳለ፣ ገና ሳይቀዘቅዝ፣ መጋረጃውን ይለቀዋል። ትንሽ ከዘገየ ተዋንያኑ በቀዘቀዘ አዳራሽ ፊት ምጽዋት እንደሚጠብቅ ሰው ቆመው ይቀራሉ። ከቸኮለ ደግሞ ክብራቸውን ይቀማቸዋል።

ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ስለ ተውኔት የምንጠቅሳቸው መጻሕፍት ስለ ግጭቱ፣ ስለ ገጸ ባሕርዩ፣ ስለ ቃለ ተውኔቱ ምዕራፍ በምዕራፍ ያወሩ ነበር። ስለ መጋረጃው ሰው ግን ትንፍሽ አይሉም። ሀገር ፍቅር ከተመሠረተበት ከ1927 ዓ.ም.፣ ብሔራዊ ትያትር ደግሞ ከተከፈተበት ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት መጋረጃ ተከፈተ፣ ስንቱ ተዘጋ! የተዋንያኑን ስም እንደ ዳዊት የሚደግም ተመልካች ሞልቷል። ገመዱን ከሳቡት ሰዎች የአንዱን ስም የሚነግረኝ ከተገኘ ቡና እጋብዛለሁ።

ነገሩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የእኛ ቤት ሁሉ ሳሎንና ጓዳ አለው። ሠርግ የጠራችሁን ሰው አስቡት። ድንኳኑ ውስጥ ሚዜው ይጨፍራል፣ ሽማግሌው ይመርቃል። ከድንኳኑ ጀርባ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሽንኩርት ሲያቁላሉ ያደሩ፣ ዓይናቸው በጭስ ደም የለበሰ ሴቶች አሉ። ወጡ ጥሩ ከሆነ ምስጋናው የሚሄደው ለሙሽራው አባት ነው። እኚህ ሰውዬ በርበሬው የት እንደሚቀመጥ እንኳ አያውቁም! «ጋሼ፣ ድግሱ ግሩም ነበር» ይባላሉ፤ እሳቸውም «ኧረ ምን ተደርጎ» ይላሉ። ወጡ ጨው በዝቶበት ከሆነ ግን ጥያቄው ይለወጣል። «ማናት የሠራችው?»

ልብ በሉ፣ ስሟ የሚፈለገው ይሄን ጊዜ ነው።

የመድረክ ጀርባ ሰው ዕጣም ይኸው ነው። ለሁለት ሰዓት ድምፁ እንደ ውኃ ጥርት ብሎ ሲፈስ ቢያመሽ ማንም አንገቱን አያዞርም። ማይክራፎኑ የራሱን ድምፅ ከስፒከሩ መልሶ ሰምቶ አንዴ ጢ...ጥ ካለ ግን አንድ ሺሕ አንገት በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ ይዞራል። በዚያች ቅጽበት ሰውየው ታየ። በሥራ ዘመኑ ሁሉ የሚታየው በጥፋቱ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሙያ ውስጥ ዕድሜን መጨረስ ምን ዓይነት ነገር ነው? ሰውስ ሳይታይ በደንብ ለመሥራት ምን ምክንያት አለው? ጥያቄውን ያመጣሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከጎረቤት ነው።

ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው በኤሌክትሪክ ሙያ ተመርቆ ባንክ ወይም መብራት ኃይል ይቀጠርልኛል ሲሉ የድምፅና የመብራት ሰው ሆነባቸው። «ልጅዎ ምን ይሠራል?» ሲባሉ «ገመድ ይጎትታል» ነው መልሳቸው። የበዓል ዝግጅት በቴሌቪዥን ሲተላለፍ መነጽራቸውን አድርገው ይጠብቁታል። እቤት ሲመጣ፦

«አላየሁህም'ኮ! የት ነበርክ?»

«እማዬ፣ እኔን ካየሽኝ እኮ ተባርሬያለሁ ማለት ነው።»

ልጁ ሙያውን የተማረው እኛ ሙያ ሁሉ ይማሩበት በነበረው መንገድ ነው፤ አንድ አዋቂ ተጠግቶ። የመጀመሪያዎቹን ወራት ገመድ ሲጠቀልል ነው የከረመው። ቀላል እንዳይመስላችሁ። ገመድ በክርን ላይ እንደ ልብስ መስጫ ሲባጎ አይጠመጠምም። አንዱ ዙር ወደ ላይ፣ ቀጣዩ ተገልብጦ ወደ ታች እየተደረገ ነው የሚጠቀለለው። እንዲያ ካልሆነ ሽቦው ውስጥ ውስጡን ይጠመዘዝና አንድ ቀን፣ ምናልባት ዘፋኙ የተወደደ ዘፈኑ ላይ ሲደርስ፣ ይበጠሳል። ለዛሬ ማታ ሳይሆን ከዓመት በኋላ ለሚመጣ ማታ፣ ምናልባትም በሌላ ሰው እጅ ለሚዘረጋ ገመድ መጠንቀቅ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ጀነሬተሩን፣ የመሬት ሽቦውን፣ ሚክሰሩን ተማረ። የመድረክ አስተባባሪው በጆሮ ማዳመጫ «ተዘጋጅ» ሲል ጣትን ቁልፉ ላይ ማድረግን፣ «ሂድ» እስኪል ድረስ ደግሞ አለመንካትን ተማረ። በዚያ መስመር ላይ «ሂድ» የምትለው ቃል ለቀልድ አትነገርም፤ መብራት ይጠፋባታል፣ መጋረጃ ይወርድባታል።

ሥራው የሚገኘው በስልክ ነው። ዲግሪህን አሳይ የሚል የለም፤ «እገሌ ጎበዝ ነው፣ እሱን ጥራው» የሚል አንድ ሰው ነው የምስክር ወረቀቱ። ዛሬ ሠርግ፣ ነገ የምርት ማስተዋወቂያ፣ ከነገ ወዲያ ኮንሰርት። ሌላው ሰው ሲዝናና ሥራ ላይ ነው፤ ሌላው ሲተኛ ማማ ያፈርሳል። ሲነጋጋ አቧራ ለብሶ ይገባና እናቱ ቁርስ ሲያቀርቡ እሱ እራቱን ይበላል።

ከዕለታት አንድ ቀን ለአንድ ትልቅ የሙዚቃ ዝግጅት ተጠራ። ስፒከሩና መብራቱ የሚሰቀልበት የብረት ማማ ከኪራይ መጥቶ ሜዳ ላይ ተተክሏል። ክረምቱ ገና አልወጣም፤ መሬቱ ርሷል። ልጁ እግሮቹን ዞሮ ሲያይ አንደኛው ወገን ሰምጦ አገኘው። ብሎኖቹን ሲነካካ ደግሞ የማይመጥኑ ተደባልቀውባቸዋል። «ይሄ ጭነት እዚህ ላይ አይሰቀልም። ወይ ጭነቱ ይቀነስ፣ ወይ መሠረቱ ተነስቶ እንደገና ይተከል፤ አንድ ቀን ይፈጃል» አለ። አዘጋጁ ቲኬት ሸጧል። ተለመነ፣ ተቆጡት፣ ሂሳቡ እንደሚጨመርለት ተነገረው። እምቢ አለ። «እንግዲያው መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ» ተባለና ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ።

ሌላ ሰው ተጠራ፤ ሰቀለው። ዝግጅቱም በሰላም አለፈ። ሕዝቡ ከማማው ሥር ሲጨፍር አድሮ በሰላም ወደየቤቱ ገባ።

ከዚያ በኋላ የልጁ ስልክ ዝም አለ። ያ «ጎበዝ ነው፣ ጥራው» የሚለው ሰው አሁን «እሱ ችግር ይፈጥራል» ማለት ጀመረ። እናቱ አንድ ቅዳሜ ቡና ላይ ያዙኝ።

«መምህር፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፤ እስቲ ይፍረዱን። ይወድቃል አለ። ወደቀ? አልወደቀም! ታዲያ ልጄ በምን ትክክል ነው የሚባለው?»

ፈላስፎቹ በትልልቅ ቃላት ከሚጠይቁት የማይተናነስ ጥያቄ ነው። የዚህ ሙያ መከራ እዚህ ላይ ነው። ሐኪም አንድ ሰው ያድንና የዳነው ሰው በግ ይዞለት ይመጣል። ሳይወድቅ የቀረ ማማ ግን ምስክር የለውም። በዚያ ሌሊት ያልሞቱት ሰዎች ያልሞቱት ተርፈው ነው ወይስ መጀመሪያም አደጋ ስላልነበረ? ማን ያውቃል? በመድረክ ጀርባ የሚሠራው ትልቁ ደግ ሥራ አንድ ነገር እንዳይሆን ማድረግ ነው፤ ያልሆነ ነገር ደግሞ ፎቶ አይነሳም።

ፕላቶ ሪፐብሊክ በተባለው መጽሐፉ ስለ አንድ እረኛ ይተርካል። እረኛው አንድ ቀለበት ያገኛል፤ ፈርጡን ወደ ውስጥ ሲያዞረው ከሰው ዓይን ይሰወራል። ምን አደረገ? ቤተ መንግሥት ገብቶ ንግሥቲቱን አማለለ፣ ንጉሡን ገደለ፣ ዙፋኑን ያዘ። ግላውኮን የሚባለው ተከራካሪ ታሪኩን ያመጣው፣ ሰው ጻድቅ የሚሆነው ስለሚታይ ነው፤ ካልታየ ጻድቅና ወንበዴ አንድ ይሆናሉ ለማለት ነው። ሶቅራጥስ መልሱን ለመስጠት የቀረውን መጽሐፍ ሁሉ ፈጀበት። ተማሪዎቼ ይህን ታሪክ ይወዱት ነበር፤ ቀለበቱ ቢኖራቸው ምን እንደሚያደርጉ ሲናገሩ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። አብዛኞቹ የፈተና ወረቀት ነበር የሚሰርቁት።

ታዲያ ያ ቀለበት ያለው ሰው በየማታው በየአዳራሹ አለ። ከጨለማው ውስጥ ሆኖ፣ ከጭንቅላታችን በላይ የተሰቀለውን ብረት ገመድ ያጥብቀው አያጥብቀው ማንም አያየውም። ቢያጠብቀው አመስጋኝ የለውም። ባያጠብቀው፣ ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ ጊዜ ምንም አይሆንም። ይህ ጎረምሳ ለግላውኮን መልስ የሰጠው በቃል አይደለም፤ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ነው።

የእናቱ ክርክር ግን ገና አልተመለሰም። «ምንም አልሆነማ!»

እ.ኤ.አ. በ1976 በርናርድ ዊሊያምስና ቶማስ ኔግል የተባሉ ሁለት ፈላስፎች በዚሁ ነገር ላይ ጽፈዋል። ኔግል ካነሳቸው ምሳሌዎች አንዱ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ለእኛ እንዲመች አድርጌ ልንገራችሁ። ሁለት ሾፌሮች ፍሬናቸውን ሳያስፈትሹ ይነዳሉ። በአንደኛው ፊት ሕፃን ልጅ ትገባለች፤ በሁለተኛው ፊት ማንም አይገባም። የመጀመሪያው ወኅኒ ይወርዳል፤ ሁለተኛው ቤቱ ገብቶ እራቱን ይበላል። ጥፋታቸው ግን እኩል ነው፤ የለያያቸው መንገዱ ነው። እኛ ግን የምንፈርደው በመንገዱ ነው። አዘጋጁም ዕድል ያወጣው ሁለተኛው ሾፌር ነው። «አየህ፣ ምንም አልሆነ» ማለቱ ፍሬኑ ደህና እንደነበረ አያረጋግጥም።

መንገዱ የጨከነበትንም ቀን ታሪክ መዝግቧል። ዲሴምበር 30 ቀን 1903 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ ኢሮኮይ በተባለ ትያትር ቤት ከሰዓት በኋላ ዝግጅት ነበር። አዳራሹ በልጆችና በእናቶች ጢም ብሏል። ሕንፃው ከተከፈተ ገና አምስት ሳምንት ገደማ ነበር፤ እሳት ፈጽሞ አይነካውም ተብሎም ተለፍፎለታል። ከአንድ የመድረክ መብራት የተነሳ ብልጭታ መጋረጃ ያዘ። እሳትን ይከላከላል የተባለው መጋረጃ ሲወርድ መንገድ ላይ ተሰናክሎ ቀረ። በሮቹ ብዙዎቹ ተቆልፈው ወይም ተሸፍነው ነበር። ከስድስት መቶ በላይ ሰው አለቀ። እስቲ አንድ የመድረክ ሠራተኛ ከመክፈቻው ቀን በፊት «ይህ መጋረጃ ሲወርድ ይያዛል፤ ሳይስተካከል አልሠራም» ብሎ ነበር እንበል። ተስተካክሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የሰውየውን ስም ቀርቶ የትያትር ቤቱን ስም የሚያውቅ አይኖርም ነበር። የሕዝቡ መትረፍ ዜና ስለማይሆን።

የቅርቡንም ልጨምር። ኦክቶበር 2021 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ «ረስት» የተባለ ፊልም ሲቀረጽ፣ ተዋናዩ አሌክ ባልድዊን ለልምምድ ከያዘው ሽጉጥ እውነተኛ ጥይት ወጥቶ የፎቶግራፍ ዳይሬክተሯን ሃሊና ሀቺንስን ገደላት። የመሣሪያዎቹ ኃላፊ የነበረችው ሠራተኛ በ2024 ጥፋተኛ ተብላ ተፈረደባት። እኔን የሚያሳስበኝ ግን በጋዜጦቹ ታች በኩል ተጽፎ የነበረው ነገር ነው። ከአደጋው ሰዓታት ቀደም ብሎ በርከት ያሉ የካሜራ ክፍል ሠራተኞች የሥራው ሁኔታና ደህንነቱ አላማረንም ብለው ጥለው ወጥተዋል። ያ ጥይት ባይተኮስ ኖሮ እነዚህ ሰዎች ዛሬ በሙያው ውስጥ ምን ይባሉ ነበር? «ችግር ይፈጥራሉ» ነበር የሚባሉት። ልክ እንደ ጎረቤቴ ልጅ።

ይሄን ሁሉ ለእትዬ ቡናው እስኪበርድ አወራሁላቸው። ሰምተው ሰምተው «እሺ፣ ትክክል ነው እንበል። ትክክልነቱን ማን አወቀለት?» አሉኝ። እኔም ከሁለተኛው ጥያቄ ላይ ወደቅሁ ማለት ነው፤ ከስሙ ጉዳይ።

አንዳንድ ሰው፣ በተለይ መንፈሳዊ የሆነው፣ አለመታወቅ ጸጋ ነው ይላል። ምሳሌውም ዝግጁ ነው። የላሊበላን ዐለት የፈለፈሉት ጠራቢዎች ስማቸውን አላስቀሩም። የጥንት ሠዓሊዎች ብዙዎቹ በሥዕላቸው ሥር አልፈረሙም። እውነት ነው፣ ደስ የሚልም ነገር አለው። ግን የብራና መጻሕፍቱን የመጨረሻ ገጽ ያየ ሰው ሌላም ነገር ያነባል። ጸሐፊው ስሙን አስገብቶ አንባቢው እንዲጸልይለት ሲማጸን ይገኛል። ስም ትዕቢት ብቻ አይደለም፤ «አስቡኝ» ማለትም ነው። ፍየሉን አርዶ ቆዳውን የፋቀው ሰው፣ ቀለሙን የበጠበጠው ሰው ግን እዚያም ላይ አብዛኛውን ጊዜ የለም። የቅዱስ መጽሐፍም ጓዳ አለው ለካ!

ያ ጠራቢ ደግሞ ሰማይ ቤት ስሜ ተጽፏል ብሎ ያምን ነበር። ራሱ መርጦ የተሰወረ ሰውና የሰወሩት ሰው አንድ አይደሉም። ለመድረኩ ሰው ስም እንጀራ ነው፤ የሚቀጥለው ስልክ የሚደወለው በስሙ ነው። የቴሌቪዥን ድራማ አልቆ የሠራተኞቹ ዝርዝር ሲመጣ እንዴት እንደሚሮጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የጉንዳን ሰልፍ ነው የሚመስለው! እሱም በማስታወቂያ ካልተቆረጠ ነው። በኢንተርኔት የሚታዩት ፊልሞች ደግሞ ዝርዝሩን አሳንሰው ወደ ጥግ ይገፉና ቀጣዩን ክፍል ክፈት ይላሉ። የሠለጠነውም ዓለም ከዚህ አላመለጠም። በ2022 እ.ኤ.አ. የኦስካር አዘጋጆች የኤዲቲንግን፣ የድምፅን፣ የሜካፕን ጨምሮ የስምንት ዘርፎችን ሽልማት የቀጥታ ስርጭቱ ከመጀመሩ በፊት ሰጥተው፣ ቀንጭበው መሐል ላይ አስገቡት። ጩኸት ስለበዛ በሚቀጥለው ዓመት ሁሉንም ወደ ቀጥታ ስርጭቱ መለሱ። ምፀቱ ይታያችኋል? ያንን ስርጭት ራሱን የሚያቆሙት ኤዲተሮችና የድምፅ ሰዎች ናቸው።

በጃፓን ካቡኪ ትያትር ኩሮኮ የሚባሉ ጥቁር ለባሾች አሉ። መድረኩ ላይ፣ ሰው እያየ፣ ዕቃ ያቀብላሉ፣ ልብስ ያስተካክላሉ። ተመልካቹ ግን በስምምነት «አላየኋችሁም» ይላቸዋል። በጣም ያማረ ስምምነት ነው። እኔ አለመታየትን የማልቃወመው እንዲህ ሲሆን ነው፤ ጥበቡ ስለሚፈልገው። ጥቁር ልበስ ሲሉት እሺ ያለ ሰው ግን የደመወዝ መዝገቡም ላይ ጥቁር ልልበስ አላለም። ሒሳብ የሚከፈልበት ቀን ሲደርስ እየተሰወረ ያለው አዘጋጁ ነው፤ ስልኩ አይነሳም።

የእኛ አገር ነገር ደግሞ ሥር አለው። በእጁ የሚሠራን ሰው መናቅ አብሮን ያረጀ በሽታ ነው። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን እየተሳደብን፣ ማረሻውን፣ ጋቢውን፣ ድስቱን ግን ስንፈልገው ኖርን። ዐፄ ምኒልክ ባለእጆችን መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። አዝማሪ የሚለው ቃል ራሱ ስድብ ነበር፤ ለተዋናይ ልጅ መዳርም እንዲሁ ያሳፍር ነበር። ዛሬ ዘፋኙም ተዋናዩም ከበሩ፤ እሰየው። ንቀቱ ግን አልጠፋም፤ ከመድረኩ ወርዶ ወደ ኋላ ሄደ፤ ገመዱ ላይ ተቀመጠ። «ገመድ ይጎትታል» የሚለው የእናትየው አነጋገር ከየት የመጣ ይመስላችኋል?

ልጁን ራሱን ጠይቄው ነበር። «ተጸጽተህ ታውቃለህ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ በዚያን ሌሊት ቤት ተኝቼ ስልኬን ሳይ ነው ያደርኩት። ይወድቃል ብዬ። ሳይወድቅ ሲቀር ደስ አለኝ። ትንሽ ደግሞ...» ብሎ ዝም አለ።

አልጨረሰውም፤ እኔም አላስጨረስኩትም። ከትክክለኛነቱ ይልቅ ስህተት ሆኖ መገኘቱን ለመመኘት የተገደደ ሰው ነው። ልክ መሆኑ የሚረጋገጠው ሰው ከሞተ ብቻ ነው። ይህን ሸክም ለሃያዎቹ ዕድሜ ላለ ልጅ አሸክመን «ፈሪ» ማለታችን ግፍ ነው።

አሁን ሥራ እየተመለሰለት ነው፤ እንደ ድሮው ግን አይደለም። አነስ ያሉ ዝግጅቶች፣ ሠርግ፣ አንዳንድ የትያትር ሥራ። አብረውት የሚሠሩ ሁለት ልጆች ይዟል፤ ገመድ አጠቃለል ነው የሚያስተምራቸው። አንደኛዋ ልጅ በክርኗ ጠምጥማ ሲያገኛት ሁሉንም አስፈትቶ እንደገና እንዳስጠቀለላት እናቱ ነግረውኛል። «ምነው ይሄን ያህል፣ ማን ሊያየው ብሎ?» አሉ።

ባለፈው የጥር ወር ከእትዬ ጋር አንድ ዘመድ ሠርግ ላይ ተገናኘን። ድንኳኑ በር ላይ ስደርስ ከፊቴ ቆመዋል። ሰው «ግቡ፣ ግቡ» እያለ ይገፋል፤ እሳቸው ንቅንቅ አላሉም። ነጠላቸውን በአንድ እጅ ይዘው ቀና ብለው ምሰሶውን ከሥር እስከ ላይ ሲመለከቱ ቆዩ። ከዚያ ገብተው ከምሰሶው ራቅ ያለ ወንበር መረጡ፤ ለእኔም አጠገባቸው ያዙልኝ።